ጨው ሞለኪዩል የለውም፦ የጠጣር አካላት ዓይነቶች የታወቁበት ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አዲስ ግኝት አይደለም። በዚህ አዳራሽ ያለ ማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ ስለሚያውቀው ስለ አንድ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ጠጣር አካላትን በአራት ይከፍላቸዋል፦ አዮናዊ፣ ሞለኪዩላዊ፣ የኮቫለንት መረብ እና ብረታዊ። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ ምሳሌና ጠባይ ተደርድሯል። ጨው አዮናዊ ነው፤ በከፍተኛ ሙቀት ይቀልጣል፣ ሲመቱት ይሰበራል። ወርቅ ብረታዊ ነው፤ ሲቀጠቀጥ ይሳሳል፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ተማሪው ይህን ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል። ሠንጠረዡ ትክክል ነው፤ ልነቅፈው አልቆምኩም። ጉድለቱ ከየት እንደ መጣና ምን ዋጋ እንደ ተከፈለበት አለመናገሩ ነው።

በየዓመቱ ለጀማሪ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ «አንድ ፍሬ ጨው ውስጥ የጨው ትንሹ ክፍል ምንድን ነው?» አብዛኛውን ጊዜ የምሰማው መልስ «የሶዲየም ክሎራይድ ሞለኪዩል» የሚል ነው። ይህ መልስ ከ1913 በፊት ቢሰጥ ኖሮ የዘመኑ ታላላቅ ኬሚስቶች ባልተቃወሙት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስሕተት ነው። ጨው ሞለኪዩል የለውም። ዛሬ ማሳየት የምፈልገው የጠጣር አካላት አከፋፈል የተወለደው ከዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር መሆኑን፣ ዐረፍተ ነገሩም በቀላሉ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ከሳይንስ በፊት የታወቁ ጠባዮች

ሰዎች የጠጣር አካላትን ምክንያት ከማወቃቸው እጅግ አስቀድሞ ጠባያቸውን ያውቁ ነበር። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በስድስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ነጋዴና ጸሐፊ ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስቴስ፣ ከአክሱም መንግሥት የሚላኩ ነጋዴዎች ሳሱ ወደምትባል ምድር ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው እየሄዱ በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበር ጽፏል። ኬሚስት ሆነን ይህን ገበያ ስንመለከተው፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ፍጹም የተለያዩ የጠጣር ዓይነቶች ናቸው፦ በአንድ ወገን ጨው፣ በሌላው ወገን ወርቅ።

ወርቅ በአክሱም ነገሥታት ዘመን ሳንቲም ሆኖ ተመትቷል። መዶሻና ማኅተም ሲያርፍበት ቅርጽ ይቀበላል እንጂ አይፈረከስም። ጨውም በበኩሉ ገንዘብ ሆኗል። በአፋር ዝቅተኛ ምድር ከጨው ሜዳ እየተቆረጠ የሚወጣው አሞሌ ለብዙ መቶ ዓመታት መገበያያ ነበር። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር መስክሯል። ሆኖም አሞሌ ሁለት ድክመቶች ነበሩት፦ ቢወድቅ ይሰበራል፤ ዝናብ ቢያገኘው ይሟሟል። የጨው ነጋዴ እነዚህን ሁለት ነገሮች ከማንም በተሻለ ያውቅ ነበር፤ ሁለቱም ከአንድ ምክንያት የሚመነጩ መሆናቸውን ግን በዚያ ዘመን የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

ሦስተኛ ምሳሌ ልጨምር፤ ባልጩት። በስምጥ ሸለቆ፣ ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በምትገኘው ጋደሞታ ከባልጩት የተሠሩ፣ ዕድሜያቸው ከ270 ሺህ ዓመት የሚበልጥ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በባልጩት መፋቂያ ይገለገሉ ነበር። ባልጩት ሲመታ እንደ ጨው በቀጥተኛ ገጽ አይከፈልም፤ እንደ ዛጎል በተጠማዘዘ ገጽ እየተፈነጠረ ስለታም ጠርዝ ይተዋል። እንግዲህ ሦስት ጠጣሮች፣ ሦስት ዓይነት አሰባበር አሉን፤ አንዱ በቀጥታ ይከፈላል፣ አንዱ ይጠማዘዛል፣ አንዱ ጨርሶ አይሰበርም። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?

ከውጫዊ ቅርጽ ወደ ውስጣዊ ሥርዓት

ይህን ጥያቄ ወደ ሳይንስ መንገድ ያስገቡት በአውሮፓ የክሪስታልን ቅርጽ ያጠኑ ሰዎች ናቸው። በ1611 ዮሐንስ ኬፕለር በፕራግ ከተማ ሳለ ስለ በረዶ ቅንጣት አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። ያስጨነቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ የበረዶ ቅንጣት ሁልጊዜ ስድስት ማዕዘን የሚኖረው ለምንድን ነው? መልሱን ትንንሽ ክብ ነገሮች እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው በሚደረደሩበት ሥርዓት ውስጥ ፈለገ። መጨረሻ ላይ የደረሰበት መልስ ባይኖርም፣ የውጭው ቅርጽ የውስጠኛው አደራደር ውጤት ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ ተከለ።

በ1669 ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ በፍሎረንስ ሆኖ የኳርትዝ ክሪስታሎችን አጠና። አንዱ ክሪስታል ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን፣ አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር ቢሆንም፣ በተጓዳኝ ገጾች መካከል ያለው ማዕዘን ግን እንደማይለወጥ አስተዋለ። በ1783 ሮሜ ደ ሊል ይህ ሕግ ለብዙ ዓይነት ማዕድናት እንደሚሠራ በማዕዘን መለኪያ እየለካ አረጋገጠ። መጠን ይለያያል፤ ማዕዘን አይለያይም። ይህ ለጉዳያችን ትልቅ ፍንጭ ነው፤ በውስጡ የሚደጋገም አንድ ነገር ከሌለ በቀር ማዕዘኑ እንዲህ ሊጸና አይችልም።

የሚደጋገመውን ነገር ለመሰየም የደፈረው ፈረንሳዊው ቄስ ረኔ ዡስት አዩዊ ነው። ካልሳይት የሚባለው ማዕድን በተሰበረ ቁጥር ስብርባሪው ያንኑ የተንጋደደ ሳጥን መሰል ቅርጽ እንደሚይዝ አየ። በ1784 ባሳተመው ሥራው፣ ስብራቱን ያለማቋረጥ ብንቀጥል በመጨረሻ ከዚያ ወዲያ ሊከፈል የማይችል አንድ ትንሽ ጡብ እንደርሳለን፤ ክሪስታል ማለትም እንዲህ ባሉ ጡቦች የተገነባ ግድግዳ ነው ሲል አስረዳ። አዩዊ እያንዳንዱ ውሁድ የራሱ የሆነ ጡብ እንዳለው ያምን ነበር። በ1819 ግን ጀርመናዊው አይልሃርድ ሚቸርሊህ ልዩ ልዩ ውሁዶች አንድ ዓይነት የክሪስታል ቅርጽ ሊኖራቸው እንደሚችል አሳየ። ጡቡ ቅርጹን እንጂ ማንነቱን አይናገርም ማለት ነው።

የኬሚስቶች ሞለኪዩል

ክሪስታል አጥኚዎቹ ስለ ጡብ በሚናገሩበት ዘመን ኬሚስቶች ሌላ ቋንቋ ይሠሩ ነበር። ጆን ዳልተን በ1808 የአቶምን ንድፈ ሐሳብ በመጽሐፍ አቀረበ። ውሁድ ማለት አቶሞች በተወሰነ ቁጥር ተጣምረው የሚፈጥሩት አነስተኛ ቡድን ነው የሚለው አስተሳሰብ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ውስጥ የኬሚስትሪ ምሰሶ ሆነ። ይህ አስተሳሰብ በተለይ በካርቦን ውሁዶች ጥናት ያስገኘው ፍሬ እጅግ ብዙ ነው። ኬሚስቶች ማንም ያላየውን የሞለኪዩል ቅርጽ ከአጸግብሮት ውጤት ብቻ ተነሥተው በወረቀት ላይ ነደፉ፤ ንድፋቸውም በአብዛኛው ትክክል ነበር።

ይሁንና በዚሁ መቶ ዓመት አንዳንድ ነገሮች ከዚህ አስተሳሰብ ጋር አልስማማ አሉ። የመጀመሪያው አልማዝ ነው። እንግሊዛዊው ስሚትሰን ቴናንት በ1797 አልማዝን አቃጥሎ፣ ከእኩል ክብደት ከሰል የሚገኘውን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚሰጥ አሳይቶ ነበር። አልማዝ ካርቦን ነው፤ ለእርሳስ የምንጠቀምበት ግራፋይትም ካርቦን ነው። አንዱ መስታወት ይቆርጣል፤ ሌላው ወረቀት ላይ እየተላጠ ይቀራል። የተሠሩበት ንጥረ ነገር አንድ ሆኖ ሳለ ጠባያቸው ይህን ያህል ከተራራቀ፣ «ከምን ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ጠጣርን ሊገልጥ አይችልም።

ሁለተኛው ጨውና ዘመዶቹ ናቸው። ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 በቀለጠ ካስቲክ ሶዳ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ሶዲየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ አወጣ። ማይክል ፋራዴይ በ1834 «አዮን» የሚለውን ስም ሰጠ። በ1880ዎቹ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ጨው በውኃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ሆኖ ይለያያል የሚለውን ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። በ1884 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ዝቅተኛ ውጤት ቢሰጠውም፣ በ1903 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። እርሱም ቢሆን የተናገረው ስለ ሟሙ ጨው ነው። በደረቁ ጨው ውስጥ ሶዲየምና ክሎሪን ጥንድ ጥንድ ሆነው በሞለኪዩል መልክ እንደሚኖሩ መገመቱ ለብዙዎች የተፈጥሮ ነገር ይመስል ነበር።

1912 እና 1913

ክርክሩን የፈታው ኬሚስትሪ አልነበረም፤ የፊዚክስ መሣሪያ ነው። በ1912 በሙኒክ ከተማ ማክስ ፎን ላወ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ቫልተር ፍሪድሪሽና ፓውል ክኒፒንግ በኮፐር ሰልፌት ክሪስታል ውስጥ ኤክስሬይ አሳለፉ። ከክሪስታሉ ጀርባ በተቀመጠው የፎቶግራፍ ሳህን ላይ ነጠብጣቦች ታዩ። የኤክስሬይ የሞገድ ርዝመት በአቶሞች መካከል ካለው ርቀት ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፣ በሥርዓት የተደረደሩ አቶሞች ጨረሩን በተወሰኑ አቅጣጫዎች ብቻ ይበትኑታል። አንድ ሙከራ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አረጋገጠ፦ ኤክስሬይ ሞገድ ነው፤ ክሪስታልም በሥርዓት የሚደጋገም ነው።

በዚያው ዓመት በካምብሪጅ የሚማር አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት የላወን ነጠብጣቦች በአዲስ ዓይን ተመለከተ። ስሙ ሎውረንስ ብራግ ነው፤ በአውስትራሊያ፣ በአደሌድ ከተማ ተወለደ። ነጠብጣቦቹ ከአቶም ንጣፎች ላይ እንደ መስታወት ከሚንጸባረቅ ጨረር የመጡ እንደ ሆኑ ብንወስድ፣ ማዕዘኑን ለክተን በንጣፎቹ መካከል ያለውን ርቀት ልናሰላ እንደምንችል አሳየ። አባቱ ዊልያም ሄንሪ ብራግ በሊድስ ሆኖ የመለኪያ መሣሪያውን ሠራ። ልጁ በ1913 መጀመሪያ ካጠናቸው ክሪስታሎች መካከል ሶዲየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ ይገኙበታል።

የሁለቱ ጨዎች ንጽጽር የሚደነቅ ነው። ፖታሲየምና ክሎሪን የሚይዙት የኤሌክትሮን ቁጥር ስለሚቀራረብ ለኤክስሬይ አንድ ይመስላሉ። ሶዲየምና ክሎሪን ግን ይለያያሉ። ስለዚህ በሁለቱ ምስሎች መካከል የታየው ልዩነት የትኛው አቶም የት እንዳለ ተናገረ። ውጤቱ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪኖች ተከብቧል፤ እያንዳንዱም ክሎሪን በስድስት ሶዲየሞች። ርቀቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው፤ ዛሬ በምናውቀው ልኬት 0.282 ናኖሜትር። ዊልያም ባርሎው የተባለ እንግሊዛዊ በ1883 ይህን አደራደር በግምት አቅርቦ ነበር፤ አሁን ግን ግምቱ ልኬት ሆነ።

የዚህን ውጤት ትርጉም ቀስ ብለን እንመልከተው። የሶዲየም ክሎራይድ ሞለኪዩል በጨው ውስጥ ቢኖር ኖሮ፣ አንዱ ክሎሪን ከስድስቱ ጎረቤቶቹ ለአንዱ ሶዲየም ከሌሎቹ ይልቅ መቅረብ ነበረበት። ስድስቱም እኩል ከራቁ ግን የትኛው ሶዲየም የትኛው ክሎሪን አጋር እንደሆነ መናገር አይቻልም። በጨው ውስጥ ጉርብትና እንጂ ጋብቻ የለም። ፎርሙላው የሚነግረን ሁለቱ ንጥረ ነገሮች አንድ ለአንድ መሆናቸውን ብቻ ነው፤ የአንድ ቡድን ስም አይደለም።

አባትና ልጅ ብራግ በዚያው ዓመት የአልማዝንም አሠራር ገለጡ፤ እያንዳንዱ ካርቦን ከአራት ካርቦኖች ጋር ተሳስሮ በሁሉም አቅጣጫ የሚቀጥል መረብ ነው። በ1915 ሁለቱም የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ልጁ ያኔ 25 ዓመቱ ነበር። ዜናው የደረሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ግንባር ሳለ፣ ወንድሙም በጋሊፖሊ በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው።

የአንድ አረጋዊ ተቃውሞ

ልኬት ስለተገኘ ብቻ ሁሉም አመነ ማለት አይደለም። በ1927 ሄንሪ አርምስትሮንግ የተባሉ ስመ ጥር እንግሊዛዊ ኬሚስት ኔቸር ለተሰኘው መጽሔት ቁጣ የተሞላ ደብዳቤ ጻፉ። ጨው እንደ ቼዝ ሰሌዳ የተደረደሩ ቅንጣቶች ስብስብ ነው፣ በውስጡም ሞለኪዩል የለም መባሉ ለኬሚስት አእምሮ የሚዋጥ እንዳልሆነ ተከራከሩ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 80 ይጠጋ ነበር። የአሬኒየስንም የአዮን ንድፈ ሐሳብ ለብዙ ዓመታት ሲቃወሙ የኖሩ ሰው ናቸው።

ተማሪዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ መሳቅ ይቀናቸዋል። እኔ ግን ከመሳቃችን በፊት የተቃውሞውን መሠረት እንድንረዳ እፈልጋለሁ። አርምስትሮንግ አላዋቂ አልነበሩም። የሞለኪዩልን ንድፈ ሐሳብ ከገነባው ትውልድ አንዱ ናቸው፤ በ1887 ስለ ቤንዚን ቀለበት አሠራር የራሳቸውን ንድፍ ያቀረቡ ሰው ናቸው። ሞለኪዩል በሺህ ውሁዶች ላይ ሠርቶ ያዩት መሣሪያ ነበር። መሣሪያው በጨው ላይ አይሠራም ሲባሉ መሣሪያውን ሳይሆን ልኬቱን ተጠራጠሩ። ስሕተታቸው ከድንቁርና ሳይሆን ከስኬት የመጣ ነበር። በአንድ መስክ የሠራ ሐሳብ በሁሉም መስክ ይሠራል ብሎ ማሰብ የአዋቂዎች ፈተና ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስተምር የሚያደርገው ቀጥሎ የሆነው ነው። ካትሊን ሎንስዴል የተባለች ተመራማሪ በሊድስ ስትሠራ፣ ሄክሳሜቲልቤንዚን የተባለውን ጠጣር በኤክስሬይ አጥንታ በ1928 እና በ1929 ውጤቱን አሳተመች። በዚህ ክሪስታል ውስጥ የቤንዚን ቀለበት ዝርግ ሆኖ፣ ስድስት ማዕዘን ይዞ፣ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ታየ። አርምስትሮንግ ከሞላ ጎደል አርባ ዓመት ቀደም ብለው በወረቀት ላይ ሲመራመሩበት የነበረው ሞለኪዩል በእርግጥ አለ ማለት ነው። በጨው የሌለው በዚህኛው አለ። እንግዲህ መልሱ «ሞለኪዩል እውነት ነው» ወይም «ሞለኪዩል ሐሰት ነው» አልነበረም። መልሱ «ጠጣሮች አንድ ዓይነት አይደሉም» የሚል ነበር። ሠንጠረዡ የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

ምን ያያይዘዋል?

ከዚህ በኋላ የጠጣር አከፋፈል በአንድ ጥያቄ ላይ ቆመ፦ ቅንጣቶቹን ምን ያያይዛቸዋል? በ1916 ቫልተር ኮሰል ስለ አዮኖች፣ ጊልበርት ሉዊስ ደግሞ ስለ ጋራ የኤሌክትሮን ጥንድ ያቀረቧቸው ሐሳቦች መልስ ለመስጠት በር ከፈቱ። አራቱን መልሶች ከየጠባያቸው ጋር ላስረዳ።

በጨው ውስጥ የሚያያይዘው በተቃራኒ ሙል አዮኖች መካከል ያለው ስበት ነው። አንድ ሞል ጨው ወደ ተለያዩ አዮኖች ለመበተን ወደ 787 ኪሎጁል ኃይል ይጠይቃል፤ ጨው እስከ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይቀልጥ የሚቆየው ከዚህ የተነሣ ነው። ሲመታ ግን አንዱ የአዮን ንጣፍ በሌላው ላይ አንድ እርምጃ ይንሸራተታል፤ ወዲያው ተመሳሳይ ሙል ያላቸው አዮኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ይገፋፋሉ፤ ክሪስታሉ በቀጥተኛ ገጽ ይከፈላል። በዝናብ የመሟሟቱም ምክንያት ከዚሁ ይመነጫል፤ የውኃ ሞለኪዩሎች አዮኖቹን በሙላቸው ስበው፣ ከበው፣ አንድ በአንድ ይወስዷቸዋል። የአሞሌ ሁለት ድክመቶች ሥራቸው አንድ ነው ያልሁት ስለዚህ ነው። በእርግጥ አሞሌ አንድ ክሪስታል ሳይሆን ብዙ ጥቃቅን ክሪስታሎች የተጣበቁበት ነው፤ ሳጥን መሰል ቅርጹንም የሰጠው የጠራቢው መሣሪያ እንጂ የአዮኖቹ አደራደር አይደለም።

በወርቅ ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሮኖች የአንድ አቶም ንብረት አይደሉም፤ በሁሉም መካከል ይዘዋወራሉ። ፓውል ድሩደ በ1900 ያቀረበው ይህ ሥዕል በ1920ዎቹ መጨረሻ በኳንተም ንድፈ ሐሳብ ታርሟል። ንጣፍ በንጣፍ ላይ ቢንሸራተት ተዘዋዋሪዎቹ ኤሌክትሮኖች አሁንም ያያይዙታል፤ ስለዚህ ወርቅ ይዘረጋል እንጂ አይሰበርም። ሆኖም ስሌቱ ብረቶች በተግባር ከሚታየው እጅግ የበለጠ ጥንካሬ እንዲኖራቸው ይጠይቅ ነበር። በ1934 ጄፍሪ ቴይለር፣ ኤጎን ኦሮዋንና ሚካኤል ፖላኒ በየፊናቸው መልሱን ሰጡ፦ ንጣፉ በአንድ ጊዜ አይንቀሳቀስም፤ አባ ጨጓሬ እጥፋቱን ከጅራቱ ወደ ራሱ እያሳለፈ እንደሚሄድ፣ በአደራደሩ ውስጥ ያለ ጉድለት እየተሻገረ ንጣፉን ያንቀሳቅሰዋል። ብረትን ለቀጥቃጭ እጅ ያስገዛው ፍጹምነቱ ሳይሆን ጉድለቱ ነው።

በሞለኪዩላዊ ጠጣር ውስጥ እያንዳንዱ ሞለኪዩል በራሱ ጠንካራ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር ያለው ትስስር ግን ደካማ ነው። ልብስን ከብል ለመጠበቅ ቁም ሳጥን ውስጥ የምናስቀምጠው ናፍታሊን በ80 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ሳይቀልጥም ሽታው ቤቱን ይሞላል። የሚሸተን ከጠጣሩ ተለይቶ የበረረው ሙሉ ሞለኪዩል ነው። ጨው አይሸትም፤ ከውስጡ ተለይቶ የሚበር ቡድን የለምና።

በኮቫለንት መረብ ውስጥ ግን ትስስሩ ሳይቋረጥ ከዳር እስከ ዳር ይቀጥላል፤ አልማዝ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ግራፋይትን ደግሞ ጆን ዴዝመንድ በርናል በ1924 አጥንቶ አቶሞቹ በዝርግ ንጣፎች እንደ ተደረደሩ አረጋገጠ። በንጣፉ ውስጥ ካርቦን ከካርቦን 0.142 ናኖሜትር ብቻ ይርቃል፤ በንጣፍና በንጣፍ መካከል ግን ርቀቱ 0.335 ናኖሜትር ነው። እርሳስ ወረቀት ላይ የሚላጠው ንጣፎቹ በቀላሉ ስለሚለያዩ ነው። ግራፋይት በንጣፉ ውስጥ መረብ ነው፣ በንጣፎቹ መካከል ሞለኪዩላዊ ጠጣርን ይመስላል፣ ኤሌክትሪክ በማስተላለፉ ደግሞ ብረትን ይመስላል። ከአራቱ ሳጥኖች በየትኛው እናስገባው? ግራፋይት ሠንጠረዡ መሳቢያ ሳይሆን መመሪያ መሆኑን ያስታውሰናል።

ባልጩትስ? ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ፈጥኖ የቀዘቀዘ የተፈጥሮ መስታወት ነው። በ1932 ዊልያም ዛካሪያሰን መስታወት ምን እንደሚመስል አስረዳ፦ እያንዳንዱ ሲሊከን በአራት ኦክስጅኖች ይከበባል፤ ነገር ግን ይህ የቅርብ ሥርዓት ወደ ሩቅ አይደጋገምም። የሚደጋገም ንጣፍ ከሌለ ስንጥቁን የሚመራ ቀጥተኛ መንገድ የለም፤ ስለዚህ እንደ ዛጎል ይጠማዘዛል። በጋደሞታ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያ ሠሪዎች የመረጡት ድንጋይ የተመቻቸው በውስጡ የክሪስታል ሥርዓት ስለሌለ ነው።

ትርጓሜው ራሱ ሲለወጥ

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ «ክሪስታል ማለት አደራደሩ የሚደጋገም ጠጣር ነው» ብለን እንዘጋው ነበር። የመማሪያ መጻሕፍትም እንዲሁ ይሉ ነበር። እየተደጋገመ ቦታን ያለ ክፍተት የሚሞላ አደራደር የሁለት፣ የሦስት፣ የአራት ወይም የስድስት እንጂ የአምስት ወይም የአሥር ዙር ተመጣጣኝነት ሊኖረው አይችልም፤ ባለ አምስት እኩል ማዕዘን ንጣፍ ወለልን ያለ ክፍተት እንደማይሸፍን ማንኛውም ግንበኛ ያውቃል።

በሚያዝያ 1982 እስራኤላዊው ዳን ሼክትማን በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ በእንግድነት ሲሠራ፣ ፈጥኖ የቀዘቀዘ የአልሙኒየምና የማንጋኒዝ ቅይጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከተ። አሥር ዙር ተመጣጣኝነት ያላቸው የጠሩ ነጠብጣቦች አየ። ውጤቱ በ1984 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር እስኪታተም ድረስ ብዙዎች አላመኑትም። ከታተመም በኋላ የኬሚካዊ ትስስርን ትምህርት ለዓለም ያስተማረው ሊነስ ፖሊንግ በ1994 እስኪሞት ድረስ ሲቃወመው ኖረ። ሆኖም በ1992 ዓለም አቀፉ የክሪስታሎግራፊ ኅብረት የክሪስታልን ትርጓሜ ለወጠ፤ መለኪያው የአደራደሩ መደጋገም ሳይሆን የጠራ የነጠብጣብ ምስል መስጠቱ ሆነ። ሼክትማን በ2011 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተቀበለ።

አርምስትሮንግና ፖሊንግ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ታላላቅ ነበሩ፤ ሁለቱም የተከላከሉት በሥራ የተረጋገጠ ሐሳብ ነበር። የረታቸውም ሥልጣን ወይም የድምፅ ብልጫ አልነበረም፤ በሌሎች እጅ ሲደገም ተመሳሳይ ውጤት የሰጠ ልኬት ነው።

ለእኛ የሚቀረው

ለመምህራንና ለተማሪዎች ሦስት ነገር ብዬ ላብቃ።

አንደኛ፣ ስለ ቋንቋችን። «ጠጣር» የሚለው ቃል «ጠጠረ» ከሚለው ግሥ የመጣ ስለሆነ የጥንካሬን ትርጉም አብሮት ይዞ ይዞራል። ተማሪው ጠጣር ሲባል ጠንካራ ነገር ብቻ ይታየዋል። ሰም ግን ጠጣር ነው፤ ቅቤም በብርድ ጊዜ ጠጣር ነው። ቃሉን መለወጥ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ጥንካሬ የአንዳንድ ጠጣሮች ጠባይ እንጂ የጠጣርነት ትርጓሜ አለመሆኑን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ልናስተምር ይገባል።

ሁለተኛ፣ «የሶዲየም ክሎራይድ ሞለኪዩል» ማለትን እንተው። ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። በጨው ውስጥ ሞለኪዩል አለ ብሎ የሚያምን ተማሪ ጨው ለምን በ801 ዲግሪ እንደሚቀልጥ፣ ለምን እንደማይሸት፣ ለምን ደረቁ ኤሌክትሪክ ሳያስተላልፍ የቀለጠው እንደሚያስተላልፍ ሊያስረዳ አይችልም። የሚቀረው መሸምደድ ብቻ ነው። አንድ የተሳሳተ ቃል የብዙ ትክክለኛ ጥያቄዎችን በር ይዘጋል።

ሦስተኛ፣ አዲስ ጠጣር ሲገጥማችሁ ከየትኛው ሳጥን እንደሚገባ አትጠይቁ። በውስጡ የሚደጋገም ነገር አለ ወይ? ቅንጣቶቹን ምን ያያይዛቸዋል? ሲቀልጥ ወይም ሲሰበር የሚበጠሰው የትኛው ትስስር ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ሠንጠረዡ የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሆኖ የተጻፈ ነው፤ ጥያቄዎቹን የያዘ ሰው ሠንጠረዡ ቢጠፋበት እንኳ መልሶ ሊጽፈው ይችላል። ሠንጠረዡን ብቻ የያዘ ግን እንደ ግራፋይት ያለ ጠጣር በገጠመው ቀን መድረሻ ያጣል።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።